ሙያ የማን ገንዘብ ነው?

አንድ ሰው በሌላው ቤት ተቀጥሮ ዐሥር ዓመት ሠራ እንበል። ሲገባ ጀማሪ ነበረ፤ ሲወጣ ባለሙያ ሆነ። እርሱ ደመወዙን በየወሩ ተቀብሏል፤ አሠሪውም የድካሙን ፍሬ በየወሩ ወስዷል። የሚሰነባበቱበት ቀን በደረሰ ጊዜ ግን አሠሪው ከመዝገብ ቤት አንድ ወረቀት አስወጥቶ፣ «ከዚህ ከወጣህ በኋላ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ በዚህ ከተማ ይህንኑ ሥራ ለሌላ ሰው ላትሠራ፣ በራስህም ስም ላትከፍት ፈርመሃል» ይለዋል። ሠራተኛው ፊርማው የገዛ እጁ ጽሕፈት መሆኑን ሊክድ አይችልም። እንዲህ ያለው ስምምነት የአለመወዳደር ውል ይባላል።

የሕግ ዐዋቂዎች ነገሩን ከአንቀጽ ጋር እያስተያዩ ይመረምሩታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ግን ከአንቀጹ በስተኋላ ያለውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሰው በሌላው ቤት ሳለ፣ በሌላው መሣሪያ የተማረው ሙያ የማን ገንዘብ ነው? የአስተማሪው ነውን? ወይስ የተማሪው? ወይስ ሦስተኛ ባለቤት አለው? ጥያቄው ተራ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቤተ ሰብ በልቶ ማደሩ፣ አንድ ከተማም ባለሙያ ማግኘቱ በመልሱ የሚወሰን ስለ ሆነ ጥቂት ልንቈይበት ይገባል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት የአገራችን ሕግ ከታወጀበት ዓመት በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የአሠሪውን አቤቱታ እንስማ፤ ነገሩን በችኰላ የሚመለከት ሰው አሠሪውን ሁሉ ግፈኛ፣ ሠራተኛውን ሁሉ ግፉዕ አድርጎ መቍጠር ይቀናዋልና። ጋራዥ ያለው አንድ ሰው፣ መፍቻ መያዝ እንኳ የማያውቅ ልጅ ወስዶ ሞተር ፈትቶ እስከ መግጠም ቢያደርሰው፤ መለዋወጫ ዕቃ በርካሽ የሚገኝበትን ቦታ፣ የደንበኞቹንም ስምና ጠባይ ቢያሳውቀው፤ ልጁ ግን አንድ ቀን ማለዳ ተነሥቶ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጋራዥ ቢከፍትና እነዚያኑ ደንበኞች በየስማቸው ቢጠራቸው፣ ሰውየው «ባጎረስሁ እጄን ተነከስሁ» ማለቱ የሚያስነቅፈው አይደለም። በእርግጥም የደከመበትን ነገር ሌላው አጭዶበታል።

ከዚህም ጋር የቃል ነገር አለ። በአገራችን ቃሉን የበላ ሰው ከሸንጎ ይልቅ በጎረቤቱ ዘንድ ይፈረድበታል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በ1731ኛው አንቀጽ፣ በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ሆኖ የሚጸና መሆኑን ይደነግጋል። እንግዲህ ሠራተኛው አስቦ ከፈረመ፣ ደመወዙንም በዚያው ውል ከተቀበለ፣ ዛሬ ውሉ ከበደኝ ቢል ማን ይሰማዋል? ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። የሰው ቃል የማይታመንበት አገር ንግድም፣ ጋብቻም፣ መንግሥትም ሊቆምበት አይችልም።

ሆኖም ይኸው ሕጋችን በ1716ኛው አንቀጽ፣ የገቡት ግዴታ ለሕግ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ ሲሆን ውሉ ዋጋ እንደሌለው ይናገራል። ስለዚህ ማንም ሰው ራሱን በባርነት ሊሸጥ ቢፈርም ፊርማው አያስይዘውም። ከዚህ የምንረዳው ጥያቄያችን «ቃል ይከበር ወይስ አይከበር?» የሚል አለመሆኑን ነው። ቃል ይከበራል። ጥያቄው ሰው ቃል ሊገባበት የሚችለው ነገር የትኛው ነው? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ለረዥም ዘመን ያመላለሱት የእንግሊዝ አገር ዳኞች ናቸው። በ1414 ጆን ዳየር የተባለ ጨርቅ ቀለም የሚነክር ሰው፣ በአንድ ከተማ ውስጥ እስከ ስድስት ወር ድረስ ሙያውን ላይሠራ በጽሑፍ ግዴታ ገብቶ ነበር። የግዴታው ባለቤት ገንዘቡን በጠየቀ ጊዜ ዳየር ቃሌን ጠብቄአለሁ ሲል መለሰ እንጂ ውሉን አልነቀፈም። ውሉን የነቀፈው ሀል የተባለው ዳኛ ነበር። ግዴታው ከአገሩ ሕግ ጋር የሚቃረን ስለ ሆነ ከንቱ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፣ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ፣ ከሳሹ እዚህ ቢገኝ ኖሮ ለንጉሡ መቀጮ እስኪከፍል ድረስ ወኅኒ እንዲወርድ ባደረግሁት ነበር አለ። ከሳሽ መብቱን ፈልጎ መጥቶ ወኅኒ ሊወርድ ምንም ያህል አልቀረውም ማለት ነው።

ዳኛው ይህን ያህል ለምን ተቈጣ? ለቀለም ነካሪው አዝኖ ነው ብንል እንሳሳታለን። ከዚያ በፊት በ1348ና በ1349 የገባው ታላቅ ቸነፈር የእንግሊዝን ሕዝብ እጅግ ጨርሶት ስለ ነበረ፣ በ1349 የወጣው ትእዛዝና በ1351 የወጣው ሕግ ጕልበት ያለው ሰው ሁሉ እንዲሠራ ያስገድዱ ነበር። እነዚሁ ሕጎች ደመወዝ ከቸነፈሩ በፊት ከነበረው እንዳይጨምርም ከልክለዋል፤ ለሠራተኛው የራሩ ሕጎች አልነበሩም። ነገር ግን ሠራተኛ በጠፋበት አገር አንድን ባለሙያ «እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ» ብሎ ማስፈረም በሕዝቡ ላይ የተደረገ በደል ሆኖ ታያቸው። እንግዲህ ገና ከመጀመሪያው ሙያ ሦስተኛ ባለቤት እንዳለው ታውቆ ነበር፤ እርሱም ጨርቁን የሚያስነክረው የከተማው ሰው ነው።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1711 በቀረበ ክርክር ሬይኖልድስ የተባለ ዳቦ ጋጋሪ፣ በለንደን በቅዱስ እንድርያስ ሆልቦርን ሰበካ የነበረውን የመጋገሪያ ቤት የኪራይ መብት ለአምስት ዓመት ለሚቸል አስተላልፎለት፣ በእነዚያ ዓመታት በዚያ ሰበካ ዳቦ ቢጋግር 50 ፓውንድ ሊከፍል ግዴታ ገብቶ ነበር። ፓርከር የተባለው ዳኛ ግዴታው ይጸናል ሲል ፈረደ። ይሁን እንጂ ፍርዱን የሰጠው እንዲህ ያለ ውል የሚያስከትለውን ጉዳት ካመለከተ በኋላ ነው፤ ይኸውም ባለሙያው የራሱንና የቤተ ሰቡን ምግብ ያጣል፤ አገርም ጠቃሚ ሰው ታጣለች። የዳቦ ጋጋሪው ውል ግን በአንዲት ሰበካና በአምስት ዓመት የተወሰነ፣ ተመጣጣኝ ዋጋም የተከፈለበት ስለ ሆነ ምክንያታዊ ነው ተባለ። በ1894 ደግሞ ኖርደንፌልት የተባለው የስዊድን ተወላጅ፣ የመሣሪያ ፋብሪካውን ከ280 ሺህ ፓውንድ በሚበልጥ ዋጋ ከሸጠ በኋላ፣ 25 ዓመት ሙሉ በዓለም ዙሪያ በዚያ ንግድ እንዳይገባ የሚከለክለው ውል ጸንቶበታል።

እኛም በዚህ አንከራከርም። ሱቁን ከነደንበኛው የሸጠ ሰው በማግስቱ ከጎኑ ሌላ ሱቅ ቢከፍት የሸጠውን መልሶ ወሰደ ይባላል። የደንበኞቹን ዋጋ አስቀድሞ በገንዘብ ተቀብሎበታልና። ተቀጣሪው ግን የሸጠው ምንድን ነው? ጊዜውንና ጕልበቱን ነው፤ ያንንም በየወሩ አስረክቧል። ሊሄድ ሲነሣ ይዞት የሚወጣው በራሱ ላይ የበቀለውን ብቻ ነው።

ነገሩ ሁሉ ተጠርቶ የታየው በ1916 ይመስለናል። ኸርበርት ሞሪስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከባድ ዕቃ የሚያነሡ መሣሪያዎችን የሚሠራ ነበር። ሳክስልቢ የተባለው ሰው ከትምህርት ቤት እንደ ወጣ ገና በልጅነቱ በዚሁ ኩባንያ ተቀጥሮ የማሽን ንድፍ መሥራት ተማረ፤ እያደርም መሐንዲስ ሆነ። ውሉ ግን ከወጣ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ በታላቋ ብሪታንያና በአየርላንድ በሞላ በዚህ ዓይነት ሥራ እንዳይሠማራ ያግደው ነበር። ሌላ ሙያ አልነበረውም። ጕዳዩ በዚያን ዘመን የመጨረሻ ፍርድ ቤት እስከ ነበረው እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ፤ ዳኞቹም ውሉን አፈረሱት። የፍርዳቸው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፦ የኩባንያው የንግድ ምስጢር የኩባንያው ነው፤ ሠራተኛው ይዞት ሊሄድ አይገባውም። የሰውየው ቅልጥፍና፣ የእጁ ብልሃት፣ የአእምሮው ችሎታ ግን በኩባንያው ቤት ያደገ ቢሆንም እንኳ የሰውየው የራሱ ክፍል ነው።

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ያሰቡትን በልብ ይዞ ዝም ለማለት ነው፤ ነገር ግን ቃሉን እንዳለ ብንወስደው ለዚህ ክርክር የሚረዳን ይመስለናል። በልብ ያለ ነገር እንደ መክፈቻ ቍልፍ ተቈጥሮ አይመለስም። የመድኃኒት ቅመማ መጠን የተጻፈበት ወረቀት ሊመለስ ይችላል፤ የደንበኞች መዝገብ ሊመለስ ይችላል፤ ገና ለገበያ ያልወጣ ማሽን ንድፍም እንዲሁ። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ የትኛው ጥርስ እንደ ተበላ የሚያውቅ ጆሮ ግን እንዴት ይመለሳል? ሊጥ ዳስሶ መብሰያው መድረሱን የሚያውቅ ጣት በየትኛው ርክክብ ይገባል? ሠራተኛውን «ያን ተው» ማለት «ከዚህ ቤት የወሰድኸውን መልስ» ማለት ሳይሆን «ከዚህ ቤት የሆንኸውን አትሁን» ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ሁሉ ነገር እንዲህ በግልጽ አይለይም። የጠጕር አስተካካዩን ነገር እንመልከት። ደንበኛው የሚመጣው ወደ ሱቁ ነው ወይስ ወደ ሰውየው እጅ? ወንበሩና መስተዋቱ የባለሱቁ ናቸው፤ ጨዋታውና መቀሱ የሚጥመው ግን የሠራተኛው ነው። ምስጢርም አይደለም፤ ሙያም ብቻ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል የሚገኝ የሰው ለሰው ትውውቅ ነው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ባለው ነገር ላይ ለአጭር ጊዜና በጠባብ ቦታ የተወሰነ ክልከላ ይቀበላሉ፤ በበኩላችን ይህን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ትውውቁን ምክንያት አድርጎ ሙያውን የሚያስረውን ነው።

አሁን ወደ ፊርማው እንመለስ። «ወዶ ፈርሟል» የሚለው ቃል እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች በአንድ ገበታ ፊት ለፊት ተቀምጠው የተነጋገሩ ያስመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሥራ ፈላጊው ወረቀቱ የሚሰጠው አንዳንድ ጊዜ ሥራ በጀመረበት ቀን፣ የቀድሞ ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ነው፤ የቤት ኪራይ ደርሶበታል፤ ልጆቹ ይጠብቁታል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ያገኘውን ይፈርማል። በአሜሪካ ጂሚ ጆንስ የተባለው የሳንድዊች ቤት፣ ዳቦ ከፍለው ሥጋና አትክልት የሚጨምሩትን ተራ ሠራተኞች ሳይቀር፣ ከወጡ በኋላ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ከሱቆቹ በሁለት ወይም በሦስት ማይል ክልል ውስጥ ከሚገኝና ከገቢው ከመቶ ዐሥር በላይ በሳንድዊች ከሚያገኝ ሌላ ቤት እንዳይቀጠሩ ሲያስፈርም እንደ ነበረ በ2014 ታወቀ። ነገሩ ክርክር ካስነሣ በኋላ ኩባንያው በ2016 ከኒው ዮርክና ከኢሊኖይ ግዛቶች ዐቃብያነ ሕግ ጋር ተስማምቶ ውሉን አስቀረ። ሳንድዊች በማዘጋጀት ውስጥ ምን ምስጢር አለ? ምንም የለም። እንግዲህ ውሉ ይጠብቅ የነበረው ምስጢርን ሳይሆን፣ ሠራተኛው የተሻለ ደመወዝ ወደሚገኝበት እንዳይሄድ በሩን ነበር።

ደግሞ እንዲህ ያለው ወረቀት የሚሠራው በፍርድ ቤት ብቻ አይደለም። ፍርድ ቤት ቢደርስ የሚፈርስ ውል እንኳ ሠራተኛው መፍረሱን ካላወቀ ያስፈራዋል፤ ጠበቃ ለማቆም ገንዘብ ከሌለው ደግሞ ቢያውቅም ያስፈራዋል። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ1872 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ክልከላ ከንቱ ነው ብሎ ደንግጓል፤ ነገር ግን በዚያው ግዛት አሠሪዎች ከንቱ የሆነውን ቃል በውላቸው መጻፍ አልተዉም። በመጨረሻም ግዛቱ፣ ከንቱ የሆነ ውል ያስፈረመ አሠሪ ሁሉ እስከ የካቲት 14 ቀን 2024 ድረስ ለሠራተኞቹ ውሉ ዋጋ እንደሌለው በጽሑፍ እንዲያስታውቃቸው አዘዘ።

ካሊፎርኒያን ካነሣን፣ ሦስተኛውን ባለቤት፣ ማለት ሕዝቡን፣ የሚመለከት አንድ ነገር እናስታውስ። በ1957 ስምንት ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች የሾክሊን ላቦራቶሪ ትተው ወጡና ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በ1968 ደግሞ ከእነዚሁ መካከል ኖይስና ሙር ከፌርቻይልድ ወጥተው ኢንቴልን መሠረቱ። በዚያን ጊዜ በምሥራቁ አገር በማሳቹሴትስም እንዲሁ ብርቱ የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ነበረ፤ ነገር ግን ሕጉ እንዲህ ያለውን ውል ያጸና ነበር። ኋላ የካሊፎርኒያው ሸለቆ ቀደመ። ልዩነቱን ያመጣው ይህ ሕግ ብቻ ነው አንልም፤ ዩኒቨርሲቲዎችም፣ የመንግሥት ገንዘብም፣ የሰው ጠባይም ድርሻ አላቸው። ጊልሰን የተባለው የሕግ ሊቅ ግን በ1999 ባወጣው ጥናት ሕጉ ታላቅ ድርሻ እንዳለው ተከራክሯል፤ ማሳቹሴትስም በ2018 ሕጉን አሻሽሎ ክልከላው ከአንድ ዓመት እንዳይበልጥ ወስኗል።

ለአገራችን አንባቢ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አለ። የቅኔ ተማሪ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅም ወደ ዋድላ ይዘዋወራል፤ የአንዱን መምህር መንገድ ለሌላው ይዞ ይሄዳል፤ ሲያስመሰክር ደግሞ የራሱን ወንበር ይዘረጋል። መምህሩ ይህን በደል አድርጎ አይቈጥረውም፤ መምህር ያፈራ መምህር በመባል ይከበርበታል። በአንጻሩ ያለውን ደግሞ እናውቃለን፤ የዕፁን ስም ለማንም ሳይናገር ኖሮ ብልሃቱን ወደ መቃብር ይዞ የወረደ ባለመድኃኒት ስንት ነው? መምህሩ በደንበኛ ገንዘብ የሚኖር አይደለምና ምሳሌው ለነጋዴ በሙሉ አይሠራም የሚል ቢኖር እውነት አለው። ቢሆንም ዕውቀት የሚበዛው በመዘዋወር መሆኑ ለሁለቱም ያው ነው።

«እንዲህ ከሆነ ነገ ለሚሄድብኝ ሰው ምን ብዬ ገንዘቤን አፍስሼ አስተምራለሁ?» የሚል አሠሪ ተገቢ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል። መልሱ ከዚሁ ከመንግሥት ሥራ ይገኛል። ባሕር ማዶ ለትምህርት የሚላክ ሠራተኛ ሲመለስ ለተወሰነ ዘመን ሊያገለግል፣ ባያገለግል ግን ወጪውን ሊመልስ ግዴታ ይገባል። ይህ ግዴታ ልክ አለው፤ ዕዳው ይታወቃል፤ ሠርተው ወይም ከፍለው ይወጡታል። ከሁሉ በላይ ግን ግዴታው «ሥራ» ይላል። የአለመወዳደር ውል «አትሥራ» ይላል። ያልተሠራ ሥራ የማንንም ዕዳ አይከፍልም፤ አሠሪውም ያስተማረበትን ወጪ አያገኝበትም፤ ሌላው እንዳያገኝ ብቻ ያደርጋል።

የአሜሪካ ጠበቆች ለደንበኞቻቸው እንዲህ ያለውን ውል በብዛት ያረቃሉ። እነርሱ ራሳቸው ግን ከአንድ የጥብቅና ድርጅት ወደ ሌላው ሲዛወሩ በዚህ ዓይነት ውል እንዳይታሰሩ የሙያቸው የሥነ ምግባር ደንብ ይከለክላል። ምክንያቱም ባለጕዳዩ የወደደውን ጠበቃ የመምረጥ ነጻነት ሊኖረው ይገባል የሚል ነው። ምክንያቱ ደግ ነው፤ ለምን በሐኪም በር ላይ እንደሚቆም ግን አይገባንም። በዚያው አገር ብዙ ሐኪሞች ከአንድ ሆስፒታል ሲወጡ በዚያ ከተማ እንዳይሠሩ የሚከለክል ውል አለባቸው። በሽተኛው ፈራሚ አልነበረም፤ ሐኪሙን የሚያጣው ግን እርሱ ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ሚያዝያ 23 ቀን 2024 ይህን ውል በመላው አገር ሊያስቀር ደንብ አወጣ፤ በዚያን ጊዜ በውሉ የታሰሩት ሠላሳ ሚሊዮን ያህል፣ ማለት ከአምስት ሠራተኞች አንዱ እንደሆኑ ገምቶ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ 20 ቀን በቴክሳስ የሚገኝ ፌዴራል ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ይህን የማድረግ ሥልጣን የለውም ብሎ ደንቡን ሻረ፤ በመስከረም 2025 ኮሚሽኑ ራሱ ይግባኙን ተወ። እንግዲህ ነገሩ እንደ ቀድሞው በየግዛቱ እጅ ቀርቷል።

ከሁሉ ይልቅ ወደ ልባችን የቀረበው የጀርመን የንግድ ሕግ ነው። ይህ ሕግ ክልከላውን ፈጽሞ አያጠፋም፤ ከሁለት ዓመት እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ክልከላው በሚቈይበት ጊዜ ሁሉ አሠሪው ለቀድሞ ሠራተኛው ከመጨረሻ ገቢው ቢያንስ ግማሹን እንዲከፍለው ያስገድዳል። ክፍያ ያልተገባበት ክልከላ አያስይዝም። አሠሪው ክልከላው አያስፈልገኝም ቢል፣ ሠራተኛው ከመሰናበቱ በፊት በጽሑፍ ሊተወው ይችላል፤ ሠራተኛው ወዲያው ነጻ ይወጣል፤ የአሠሪው የመክፈል ግዴታ ግን ከዚያ ጽሑፍ በኋላ አንድ ዓመት እስኪሞላ ይቈያል። ስለዚህ የጀርመኑ አሠሪ ያን ሰው ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ ከመፈለጉ በፊት፣ የሚጠብቀው ምስጢር ለሁለት ዓመት የግማሽ ደመወዝ ዋጋ ያለው መሆኑን ወይም አለመሆኑን ቍጭ ብሎ ማስላት አለበት።